ከሶፋው ጀርባ ያለው ሶኬት

ከአገር ቤት ገና የመጣ ሰው በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች ውስጥ አፓርትመንት ሲገባ በመጀመሪያው ምሽት ግራ የሚያጋባው አንድ ነገር አለ። በሩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ይጫናል፤ የሚበራ ነገር የለም። ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፤ አምፖል የለም። ደጋግሞ ይጫነዋል። ማብሪያው ተበላሽቷል ብሎ ይተወውና በማግስቱ የሚቆም መብራት ገዝቶ ያመጣል፤ ገመዱን ቀድሞ ባገኘው ሶኬት ይሰካና ማታ ማታ በጨለማ እየዳበሰ የመብራቱን ቁልፍ መፈለግ ይለምዳል። እንዲህ እያለ ዓመት የሚሞላው ብዙ ሰው ነው። እኔም ስምንት ወር ኖሬበታለሁ። አንድ ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ ሶፋውን ገፋ አደረግሁና ከጀርባው ያልተነካ ሶኬት አገኘሁ። መብራቱን እዚያ ሰክቼ የበሩን ማብሪያ ስጫን ቤቱ በራ።

ጥያቄው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልለቀቀኝም። ከዕቃ ጀርባ የተደበቁ ሶኬቶችን በግድግዳ ማብሪያ፣ ያውም እያንዳንዱን ለየብቻው፣ ማዘዝ ይቻላል ወይ? ይቻላል። ግን በስንት መንገድ? የትኛው ይሻላል? የትኛውስ ቤት ያቃጥላል? ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የገዙ ወገኖቼ አዘውትረው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። አንዱ ቡፌው ውስጥ ላሉት ብርጭቆዎች መብራት ይፈልጋል፤ አንዷ ለሥዕለ አድኅኖው፤ ሌላው ግድግዳ ላይ ለሰቀለው ቴሌቪዥን።

ነገሩ የሚጀምረው ከሕጉ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1897 ሲሆን፣ ዛሬ በየ3 ዓመቱ እየተሻሻለ ይታተማል። ኮዱ ሰው የሚኖርበት ክፍል ሁሉ በግድግዳ ማብሪያ የሚበራ መብራት እንዲኖረው ያዛል። የሚገባ ሰው በጨለማ ተደናቅፎ እንዳይወድቅ ነው። ታዲያ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት በቀር በሌሎቹ ክፍሎች ቤት ሠሪው በጣሪያ አምፖል ፈንታ ማብሪያውን ከአንድ ሶኬት ጋር እንዲያገናኝ ይፈቅድለታል። ቤት ሠሪው የአምፖሉን ዋጋና ወደ ጣሪያ የሚወጣውን ሽቦ ይቆጥባል፤ የመብራቱ ግዢ ለነዋሪው ይተርፋል። እኛ ከክፍሉ መካከል አምፖል ተንጠልጥሎ ያደግን ሰዎች የተሸወድን የሚመስለን ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ድንጋጌ ሶኬቱ ለምን በግማሽ ብቻ እንደሚታዘዝ ያስረዳል። በመኖሪያ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ማንኛውም ነጥብ ከሶኬት ከ6 ጫማ፣ ማለትም ከ1.8 ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። በማብሪያ የሚጠፋው ሶኬት ደግሞ ከዚህ ቁጥር አይገባም። ስለዚህ ኤሌክትሪሺያኑ ባለሁለት ቀዳዳውን ሶኬት ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ግማሽ በማብሪያው ይታዘዛል፤ ሌላው ሁልጊዜ እሳት አለው። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን በማብሪያ የሚታዘዘውን ሶኬት ሆን ብሎ ገልብጦ ይገጥመዋል፤ የግራውንዱ ክብ ቀዳዳ ወደ ላይ ይሆንና ምልክት ይሆናል። ቤትዎ ውስጥ አንድ ሶኬት ብቻ ተገልብጦ ካዩ ስሕተት ነው ብለው አይለፉት፤ መብራት ሰክተው ይሞክሩት።

ሐሳቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ሻወር ቤት በራፍ ላይ የቦይለሩ ማብሪያ አለ፤ ቀይ ምልክት መብራት ያለበት፣ ከሌሎቹ ወፈር ያለ። ቦይለሩ የሚገናኝበት ቦታ ከላይ ተደብቋል፤ የሚጠፋና የሚበራው ግን ከውጭ ነው። ልዩነቱ ግድግዳው ላይ ነው። በአገር ቤት በብሎኬት ግድግዳ ሽቦ ለመጨመር መቦርቦር፣ ቱቦ መቅበር፣ መልሶ መለሰን አለ። እዚህ ግድግዳው ከእንጨት ቋሚዎች ላይ የተመታ ድራይዎል ነው። ቋሚዎቹ ብዙውን ጊዜ በ16 ኢንች ርቀት የቆሙ ናቸው፤ መካከላቸው ባዶ ነው፤ ኬብሉም ቱቦ ሳይሻ በዚያ ባዶ ውስጥ ይወርዳል። ሥራው ቀላል የሚመስለውና ሰው የሚደፍረውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ሶኬቱን ከፍተን እንይ። ብሬከሩ ወርዶ፣ በቴስተር ተረጋግጦ ማለቴ ነው። በአንድ ጎኑ የናስ ቀለም ያላቸው ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ፌዙ የሚታሰረው እዚያ ነው። በሌላው ጎን ነጣ ያሉ ሁለት ብሎኖች አሉ፤ እነሱ የኒውትራል ናቸው። አረንጓዴው የግራውንድ ነው። በሁለቱ የናስ ብሎኖች መካከል ከጥፍር የምታንስ ቀጭን ድልድይ አለች፤ የላይኛውንና የታችኛውን ቀዳዳ የምታገናኘው እሷ ናት። ሶኬቱ ለሁለት ሲከፈል ኤሌክትሪሺያኑ በፒንሳ ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲያጥፋት ትሰበራለች። በኒውትራሉ በኩል ያለችው ግን በተለመደው ሥራ አትነካም።

ይህች ድልድይ ስንቱን አስቸግራለች! አሌክሳንድሪያ ታውንሃውስ የገዛ አንድ ወዳጄ ቢጫ የሆኑትን አሮጌ ሶኬቶች በነጭ ሊቀይር ቅዳሜ ጠዋት ተነሣ። አሮጌውን ፈታ፣ ሽቦዎቹን በየነበሩበት መለሰ፣ ክዳኑን አጠበቀ። ማታ ሳሎኑ ውስጥ ያለው መብራት በማብሪያው አልጠፋ አለ። ማብሪያውን ቀየረ፤ አሁንም አልጠፋም። ጠርቶኝ ሄጄ ሶኬቱን ሳወጣው አዲሱ ላይ ድልድይዋ እንዳለች ናት፤ አሮጌው ከቆሻሻ መጣያ ወጥቶ ሲታይ ተሰብራለች። እሱ የከፈለው የአንድ ቀን ድካም ብቻ ነው። ሁለቱ ግማሾች ከሁለት የተለያዩ ብሬከሮች የሚመጡበት ቤት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ይከብድ ነበር። አንዱን ብሬከር አውርዶ ጠፋ ብሎ እጁን የከተተ ሰው በድልድይዋ በኩል በሌላው ብሬከር ይያዛል። ፌዞቹ የተለያዩ ከሆኑ ደግሞ 240 ቮልት ፊት ለፊት ይጋጠማል። ስለዚህ ኮዱ በአንድ ሶኬት ላይ ሁለት ሰርኪት ሲገባ ብሬከሮቻቸው አብረው የሚወርዱ እንዲሆኑ ያስገድዳል። ለማንኛውም አሮጌውን ሶኬት ከአዲሱ ጎን ይዘው ሳያስተያዩ አይጣሉት።

የቀለሙ ነገር ሌላው ወጥመድ ነው፤ ይህኛው በተለይ የእኛ ሰው ላይ ያነጣጠረ ይመስለኛል። በአሜሪካ ቤት ጥቁር ፌዝ ነው፣ ነጭ ኒውትራል፣ አረንጓዴ ወይም ራቁቱን ያለው መዳብ ግራውንድ። በድሮው የእንግሊዝ ሥርዓት ግን ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል ነበር፤ እንግሊዞች ራሳቸው ወደ ቡናማና ሰማያዊ የተሻገሩት ከ2004 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ልማድ እጁን ያፍታታ ባለሙያ፣ የቱን ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ጥቁሩን ሲያይ እጁ ሊዘናጋ ይችላል። ከዚህ ላይ የአሮጌ ቤት ጣጣ ይጨመራል። በብዙ አሮጌ ቤት ፌዙ መጀመሪያ ወደ ሶኬቱ ይደርሳል፤ ከዚያ በአንድ ኬብል ወደ ማብሪያው ወርዶ ይመለሳል። በዚያ ኬብል ውስጥ ያለው ነጭ ሽቦ ኒውትራል አይደለም፤ እሳት የተሸከመ ነው። ጨዋ ባለሙያ ጫፉን በጥቁር ናስትሮ ይጠቀልለዋል፤ ያልጠቀለለም አለ። ቀለም አይታመንም፤ ቴስተር ይታመናል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ሁለት ማብሪያ ለሁለት ሶኬት። ሙያው የታወቀ ነው። በግድግዳው ውስጥ ባለሦስት ሽቦ ኬብል ይወርዳል፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ከግራውንዱ ጋር። ከማብሪያው ሳጥን ፌዙ ለሁለቱም ማብሪያዎች ይከፋፈላል፤ ከአንደኛው ማብሪያ የሚወጣው በጥቁሩ፣ ከሁለተኛው የሚወጣው በቀዩ ይሄዳል። ነጩ ለሁለቱም የጋራ ኒውትራል ነው። ሁለቱ የሚመጡት ከአንድ ብሬከር እስከሆነ ድረስ ይህ ኒውትራል ከአቅሙ በላይ አይሸከምም። ጥቁሩ ከቡፌው ጀርባ ላለው ሶኬት ሊሆን ይችላል፣ ቀዩ ከሥዕሉ በላይ ላለው፤ ወይም አንድ ሶኬት ተከፍሎ ላዩ ለአንዱ፣ ታቹ ለሌላው። ሁልጊዜ እሳት ያለው ሦስተኛ ሶኬት ከተፈለገ አራተኛ ሽቦ ያሻል።

ሰው የሚረሳው የሳጥኑን ስፋት ነው። ለአንድ ማብሪያ የተገጠመች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሁለት ማብሪያና ተጨማሪ ኬብል አጭቆ በክዳን መድፈን የተለመደ በደል ነው። ኮዱ ለእያንዳንዱ 14 ቁጥር ሽቦ 2 ኩቢክ ኢንች ቦታ ይቆጥራል፤ ለ12 ቁጥር 2.25፤ ማብሪያው ራሱ እንደ ሁለት ሽቦ ይታሰባል። ይህ ሒሳብ የቢሮክራሲ ጉዳይ አይደለም። የታጨቀ ሽቦ ከመያዣው ይላቀቃል፣ የላላ መያዣ ይግላል፣ የጋለ መያዣ ደግሞ ከግድግዳ ውስጥ ሆኖ ስለማይታይ የሚታወቀው በጠረኑ ነው።

የቤቱ ዕድሜም ይወስናል። በእኛ አካባቢ ብዙዎች የሚገዟቸው ቤቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ሠላሳ ዓመታት የተሠሩ ናቸው። ከ1960ዎቹ በፊት በተሠሩት ሶኬቱ ባለሁለት ቀዳዳ፣ ግራውንድ የሌለው ሊሆን ይችላል። ከ1965 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት ደግሞ መዳብ ተወድዶ ስለነበር ብዙ ቤት የአሉሚኒየም ሽቦ ገባለት። የፌዴራሉ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ከ1972 በፊት በአሉሚኒየም የተዘረጋ ቤት በመዳብ ከተዘረጋው ይልቅ መጋጠሚያዎቹ ለእሳት አደጋ የሚያደርስ ሁኔታ ላይ የመድረሳቸው ዕድል 55 እጥፍ እንደሚሆን አስታውቋል። ሳጥኑን ከፍተው ብርማ ሽቦ ካዩ መልሰው ይዝጉና ባለሙያ ይጥሩ። በጣም አሮጌ ቤት ውስጥ በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ሊሆንም ይችላል፤ ለይቶ ማወቁ ግን የባለሙያ ፋንታ ነው።

የሚሰካው ዕቃም እንደ ሽቦው ነው። በማብሪያ የሚታዘዝ ሶኬት የተፈለሰፈው ለመብራት ነው፤ እኛ ግን ሳሎን ውስጥ ቡና እናፈላለን። ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃው ሶፋው አጠገብ ባለው ሶኬት ይሰካል። ተራ የሳሎን ሰርኪት 15 አምፒር በ120 ቮልት፣ ማለት 1,800 ዋት ነው፤ ለረጅም ሰዓት ለሚሠራ ዕቃ ከ80 በመቶው፣ ከ1,440 ዋት በላይ አይታሰብም። ምድጃው 1,000 ዋት ይወስዳል፤ ብርድ ስለሆነ ከጎን ያለው ማሞቂያ 1,500። ድምሩ 2,500 ነው፤ ብሬከሩ ይወርዳል። ብሬከር ወረደ ማለት ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ተደጋግሞ ወረደ ብሎ በትልቅ ብሬከር የሚቀይር ሰው ግን ሽቦውን ለእሳት አሳልፎ ሰጥቷል።

የባሰው ዲመር ነው። መብራቱን ደብዘዝ ለማድረግ ብለው የሶኬቱን ማብሪያ በዲመር የሚቀይሩ አሉ። ኮዱ ተራ ዲመር ሶኬት እንዲያዝ አይፈቅድም፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዛሬ አምፖል የተሰካበት ሶኬት ላይ ነገ እንግዳ መጥቶ የቤት መጥረጊያ ማሽን ይሰካበታል፣ ወይም የቡና ምድጃ። ብዙው የቤት ዲመር 600 ዋት የቆየ አምፖል ወይም 150 ዋት ኤልኢዲ እንዲሸከም የተሠራ ነው፤ ምድጃው ብቻውን ያልፈዋል። ደብዛዛ ብርሃን ለሚወድ በመብራቱ ገመድ ላይ የሚሰካ የዲመር ዓይነት አለ፤ ያንን ይግዛ።

የማይጠፋ ነገር ደግሞ በሚጠፋ ሶኬት አይሰካ። ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት ዘመዴ ቤዝመንት ውስጥ ለፋሲካ የተገዛ ሥጋ በፍሪዘር ሞልታ ነበር። ፍሪዘሩ የተሰካበት ሶኬት ከደረጃው ራስ ባለ ማብሪያ ይታዘዝ እንደነበር ማንም አያውቅም። በሕማማት ሳምንት የመጣ እንግዳ እየወጣ «መብራት ላጥፋ» ብሎ ተጫነው። ሦስት ቀን አለፈ። በቅዳሜ ሹር ቤዝመንቱ ሲከፈት የነበረውን ሽታ እሷ አትረሳውም፤ እኔም አልረሳውም። ሥጋ ይተካል፤ በዚያ ሶኬት የታማሚ ኦክስጅን ማሽን ተሰክቶ ቢሆንስ?

«የተደበቀ» የሚለው ቃል ራሱ ወሰን ሊበጅለት ይገባል። ከሶፋ ወይም ከቡፌ ጀርባ ያለ ሶኬት ዕቃው ሲገፋ ይገኛል፤ ችግር የለውም። በድራይዎል የተሸፈነ፣ በቀለም የተደፈነ የመጋጠሚያ ሳጥን ግን ክልክል ነው። ማንኛውም መጋጠሚያ ግድግዳ ሳይፈርስ የሚደረስበት መሆን አለበት። ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ገመዱን በቀዳዳ አስገብተው ከታች የሚያወጡም ብዙ ናቸው፤ ያምራል፤ ግን ተጣጣፊ ገመድና ኤክስቴንሽን በግድግዳ ውስጥ እንዲያልፍ ኮዱ አይፈቅድም። ትክክለኛው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወደ ውስጥ የገባ ሶኬት በደንበኛ ኬብል መግጠም ነው። ለዚህ ሶኬት ማብሪያ ቢደረግለት ደግ ነው። ጠፍተው የተቀመጡ ዕቃዎች ሳይሠሩ የሚወስዱት ኃይል ከቤት ፍጆታ ከ5 እስከ 10 በመቶ እንደሚደርስ የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ይገምታሉ።

ተከራይ ምን ያድርግ? ግድግዳው የእሱ አይደለም። ለእሱ ያለው መንገድ ሽቦ አልባው ነው። ሶኬቱ ላይ የሚሰካ መቀበያና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ በባትሪ የሚሠራ ማብሪያ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ በስኮትላንዷ ግሌንሮዝስ ያለ ኩባንያ ኤክስ ቴን የተባለውን በኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ትእዛዝ የሚልክ ዘዴ የሠራው በ1975 ነው። ዛሬ በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል፤ ሦስት የተደበቁ ሶኬቶችን በሦስት ማብሪያ ለማዘዝ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ለመብራት ከሆነ፣ ለተከራይም ለባለቤትም፣ እኔ ይህንን አስቀድማለሁ። ዩኤል የተባለው የደኅንነት ምርመራ ምልክት የሌለበትን ርካሽ መቀበያ ግን አልገዛም፤ ምልክት ያለበትንም ለማሞቂያና ለምጣድ አልጠቀምበትም። ግድግዳ ውስጥ የሚገባውን ስማርት ማብሪያ የሚፈልግ ደግሞ አብዛኞቹ ኒውትራል እንደሚሹ ይወቅ። ኮዱ በማብሪያ ሳጥን ኒውትራል እንዲኖር ማዘዝ የጀመረው በ2011 ዕትሙ ነው፤ በአሮጌ ቤት ላይኖር ይችላል።

ፈቃዱን በተመለከተ ፎልስ ቸርች የራሷ ጣጣ አላት። ከ1948 ጀምሮ ከካውንቲ ተለይታ ራሷን የቻለች ከተማ ናት፤ ስፋቷ ግን ሁለት ካሬ ማይል ገደማ ነው። በፖስታ አድራሻው «ፎልስ ቸርች» የሚል ቤት ሁሉ በከተማዋ ውስጥ ነው ማለት አይደለም። እኛ የምንሰባሰብበት ቤይሊስ ክሮስሮድስ፣ ሰቨን ኮርነርስ፣ ቢልድ አሜሪካ የገበያ ቦታ አድራሻቸው ፎልስ ቸርች ነው፤ አስተዳደራቸው ግን ፌርፋክስ ካውንቲ። የአሌክሳንድሪያ አድራሻም እንዲሁ ከከተማው ወጥቶ ፌርፋክስ ውስጥ ይዘልቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ጭራሽ የራሷ ማዘጋጃ ቤት የላትም፤ ጉዳይዋ ወደ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ያለውን ሶኬት በነበረበት ቦታ በመሰሉ መተካት ብዙውን ጊዜ ፈቃድ አይጠይቅም። አዲስ ሽቦ በግድግዳ ማሳለፍ ግን ይጠይቃል፤ ኢንስፔክተሩም ግድግዳው ሳይዘጋ መምጣት አለበት። ፈቃድ የለሽ ሥራ ቤት ሲሸጥ ወይም እሳት ደርሶ ኢንሹራንስ ሲጠየቅ ይወጣል።

በመካከላችን እጃቸው የተባ ኤሌክትሪሺያኖች አሉ፤ በአገር ቤት ሕንፃ ሙሉ የዘረጉ። ከእነሱ ብዙዎች ያለ ፈቃድ በዘመድ ጥሪ ሲሠሩ ማየት ያሳዝነኛል፤ ለእነሱም ለባለቤቱም አደጋ ነው። በቨርጂኒያ ለጆርኒማን፣ ማለትም ከተለማማጅነት ላለፈ ኤሌክትሪሺያን፣ ፈቃድ የተለመደው መንገድ የ4 ዓመት ሥራና የ240 ሰዓት ትምህርት ነው። የባለሙያውን ፈቃድ ደግሞ ማንም ሰው በስሙ ከክፍለ ግዛቱ የሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ማየት ይችላል። ወንድማችንን ፈቃድህን አሳየኝ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እስከዚያው አንድ ነገር ዛሬ ማታ ያድርጉ። ትንሽ መብራት ይያዙና ከክፍል ክፍል እየዞሩ በእያንዳንዱ ሶኬት ላይኛውንም ታችኛውንም ይሞክሩ፤ ልጆችዎ የግድግዳውን ማብሪያዎች እየተጫኑ ይርዱዎት። የትኛው ማብሪያ የትኛውን ሶኬት እንደሚያዝ በትንሽ ወረቀት ጽፈው ብሬከር ሳጥኑ በር ውስጥ ይለጥፉት። ፍሪዘሩ ከእነዚያ በአንዱ ላይ ተሰክቶ ካገኙት ሳያድር ያዛውሩት።